በከለመዳሪ የታሰረ ጣት

ባለፈው ወር ዱብሉቅ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ስፒከሮቼን ጭኜ ለሰርግ ወደ ሜጋ እየወረድኩ ነበር። በዚህ በቆላው አገር ያለ እኔ ስፒከር የተዳረ ሰው ካለ ትዳሩን ደግሞ ይፈትሽ። ጎሚስታው ከለመዳሪውን ከጎማው ውስጥ መዘዘ፣ ቀዳዳውን በምራቁ ፈልጎ አገኘው፣ ሞረደው፣ ማስቲሽ ቀባው፣ ቁራጭ ለጥፎ በጋለው ብረት አጣበቀው። ያ ሽታ መጣ። የሰው ትዝታ የሚቀሰቀሰው በአደስ ነው፣ በአሪቲ ነው፣ በድሮ ሽቶ ነው ሲሉ እሰማለሁ። የኔን የሚቀሰቅሰው የተቃጠለ ጎማ ነው። ምን ላድርግ፣ እያንዳንዱ እንደ እድሉ ነው።

ሽታው አፍንጫዬን እንደሞላው ከመንገዱ ማዶ ካለችው የቆርቆሮ ቸርች የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር የመዘምራን ልምምድ ነው። የመቺው ግራ እጅ ታች ዳሩን ይመታል፣ ላይ ዳሩን ይመታል፣ መሀሉን ይዘለዋል። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ኮርድ ማለት ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ሲመታ ነው። ሁለቱ ዳርና ዳር ይቆማሉ፣ አንዱ መሀል ይገባል። ደስታ ይሁን ሐዘን የሚያስለየው ያ የመሀሉ ነው። ይሄ የምሰማው ግን መሀል የለውም። ሁለት መቃን ያለው፣ መዝጊያ የሌለው በር በሉት። ዘማሪው በፈለገው ስሜት ይገባበታል። ይሄን ኮርድ እንደ ገዛ ሳሌ ነው የማውቀው። ከነጌሌ እስከ ሞያሌ እንዲህ የሚመታ ሰው ከተገኘ ወይ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ወይ እኔ ያስተማርኩት ሰው ነው ያስተማረው። የፈጠርኩት ግን እኔ አይደለሁም። እሱ ላይ እደርሳለሁ፣ አታቻኩሉኝ።

ነጌሌ ያኔ፣ መንግሥት ተለውጦ ሰዉ ገና የአዲሶቹን ባለሥልጣኖች ስም እያጠና በነበረበት ጊዜ፣ ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ የግመል ወተት ያለበት ከሆነ ትንሽ ጨመር ይላል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወረድ ማዕዘኑ ላይ ካሴት ቤት ነበረ፣ ከጎኑ የኢብራሂም ጎሚስታ፣ ከኢብራሂም ቀጥሎ የኔ የሬዲዮ ጥገና። ካሴት ቤቱ የፍቅር ዘፈን ይለቃል፣ ኢብራሂም ጎማ ይደበድባል፣ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሰው ሬዲዮ እፈታለሁ። መኪና ከሻኪሶ በኩል ሲገባ ሦስታችንም ላይ አንድ ዓይነት ቀይ አቧራ ይወርዳል። ዛሬ ያ ማዕዘን ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ልጆቹ ስልክ እየጎረጎሩ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ነው የሚውሉት፤ ከጎረቤታቸው ምን እንደሚዘፈን አያውቁም። እኛ ወደድንም ጠላንም አንድ ዘፈን ነበር የምንሰማው። ከሰልባጅ የገዛሁት የትከሻ ስፖንጅ ያለው ቡኒ ኮት ነበረኝ። በዚያ ሙቀት ላቤ በጀርባዬ እየወረደ አንድ ቀን አላወለቅኩትም፣ ምክንያቱም ሳወልቀው ትከሻዬ አብሮ ይወልቃል። ጥገናውን ማን አስተማረህ ለሚለኝ፣ ማንም። ሬዲዮውን እከፍታለሁ፣ ያልገባኝን ወደ ቦታው እመልሳለሁ፣ የተረፈ ብሎን ኪሴ እከታለሁ፣ ሬዲዮው ይሠራል። ሙዚቃንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ ሙዚቃው ላይ የተረፈው ብሎን ሳይሆን ጣት ነው።

ሌላው ሙያዬ ሰው መምሰል ነበር። ፓስተሩ ከስብከት በፊት የሚስሏትን ሦስት ሳል፣ የአስተዳዳሪውን አረማመድ፣ የኢሱዙ ሾፌሮቹን እርግማን፣ ግመል ሲቆጣ የሚያሰማውን ሳይቀር አስመስል ነበር። ሰው ገና ሲያየኝ ይስቃል። «አካም ገልገሎ» ብሎ ሰላም ሲለኝ እንኳ መልሴን ሳይሰማ ጥርሱን ይገልጥ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ያ ደስታ ምን እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላወቅኩም።

በቸርቻችን ኪቦርድ የሚመቱት ጋሽ ማቴዎስ ነበሩ። ከሶዶ በኩል የመጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከብት እየከተቡ ሊበንን በሙሉ በእግራቸውና በጭነት መኪና የዞሩ፣ ዝም ያሉ ሰው። ኪቦርዱ ስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይበላ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ኦርጋን» ይሉታል፣ እኛ ወጣቶቹ «ፒያኖ» እንለዋለን፣ ጋሽ ማቴዎስ ምንም አይሉትም፣ ይመቱታል ብቻ። አቤት ሲመቱ። ቀኝ እጃቸው ይጠራል፣ ግራቸው ይመልሳል። ዱብሉቅ ኤላው ውስጥ፣ ያ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ሰዎቹ እየዘፈኑ ውሃ ሲቀባበሉ አይታችሁ ከሆነ፣ የታችኛው ለላይኛው፣ የላይኛው ለታችኛው፣ ልክ እንደዚያ ነበር። ሰው እየጸለየ እያለ ከስር ቀስ ብለው ሲገቡ ጸሎቱ ራሱ ዜማ የሚሆን ይመስል ነበር።

ግን እጃቸውን ለሰው አያሳዩም። ከፊታቸው ትልቅ የመዝሙር ደብተር ያቆማሉ፣ በጎን ጃኬታቸውን ወንበር ላይ ይሰቅላሉ፣ የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ ጣታቸው ይወርዳል። መዝሙሩ ሲያልቅ ግራ እጃቸው ቀጥታ ኪስ ነው። ከተማው «ኮርዳቸውን እንዳይሰርቋቸው ነው» ይል ነበር፣ እኔም አመንኩ። ያኔ ብዙ ፒያኒስት እንደዚያ ነበር፤ እጁን ፎጣ አልብሶ የሚመታ አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ሰው የደበቀውን ነገር ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከቸርቹ በግራ በኩል ባለው መስኮት ቆርቆሮው ትንሽ ተነቅሎ ነበር። ከውጭ ሆኜ በዚያ ቀዳዳ ሳይ የሚታየኝ ከክርናቸው በታች ግራ እጃቸው ብቻ ነው። በቃ፣ ሦስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ውጭ ቆምኩ። ሎኮ፣ ያኔ የመዘምራኑ መሪ፣ አሁን ባለቤቴ፣ ታልፍና «ገልገሎ፣ ውስጥ ወንበር አለ እኮ» ትለኛለች። «እኔ የአየር ሰው ነኝ» እላታለሁ። ትስቃለች።

ያየሁትን ይዤ ወደ ሱቄ እሮጣለሁ። የዘይት ካርቶን ዘርግቼ፣ ጥቁሮቹን በከሰል አጥቁሬ፣ ሙሉ ኪቦርድ ሥዬ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ድምፁን በአፌ አወጣለሁ። ለቀኝ እጁ ሌላ ዘዴ ነበረኝ። አዋሳና ሻሸመኔ ያሉ መዘምራን ካሴት ሲያወጡ አንዱን እዋስና ቴፔ ውስጥ ያለቀ ባትሪ እከታለሁ። ድንጋዩ ሲደክም ካሴቱም ይደክማል፤ ያ እንደ ሚዳቋ የሚሮጠው የፒያኖ ሩጫ ዝግ ብሎ፣ ወፍሮ፣ እንደ ሽማግሌ እየተደገፈ ይመጣል። አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ። ሰው አዲስ ድንጋይ ሲገዛ እኔ ያለቀ እለምን ነበር። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አንድ ቦታ ነክተው ያዘገዩታል። በባትሪ ድንጋይ ያገኘሁትን ጥበብ ነው የወሰዱብኝ፣ አመሰግናለሁ እንኳ አላሉኝም።

ግራ እጃቸው ላይ ያየሁት ነገር ግን በጣም ገረመኝ። ትንሿ ጣት ታች ትመታለች፣ አውራ ጣት ላይ ይመታል፣ የመሀል ጣታቸው ግን ሁልጊዜ ወደ መዳፋቸው ታጥፎ ነው። አንድም ቀን ተዘርግቶ አላየሁትም። «አገኘኋት» አልኩ። «ምስጢሩ ይቺ ናት። የመሀል ጣት ረጅም ነው፣ ሌሎቹን ያደናቅፋል፣ ስለዚህ ያጥፉታል።» በራሴ ጭንቅላት ኮራሁ። ችግሩ፣ የኔ ጣት አልታጠፍ አለ። ካርቶኑ ላይ ትንሽ ስመታ ተፈናጥሮ ይወጣል። ኢብራሂም ጋ ሄድኩ።

«ከለመዳሪ ቁረጥልኝ፣ ቀጭን።»

«ለወንጭፍ ነው?»

«ለመዝሙር።»

ኢብራሂም ጎማውን ትቶ ቀና አለ። «የናንተ መዝሙር በጎማ ነው እንዴ?»

«ጣቴን ላስርበት ነው። ጥበብ ነው፣ አንተ አይገባህም።»

«አይገባኝም» አለና ቆረጠልኝ። ማስቲሽና የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ቀለበት። ጣቴን አጥፌ ወደ መዳፌ አሰርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርቶኑ ላይ እጄ የጋሽ ማቴዎስን እጅ ሆነ።

አንድ እሁድ ትልቅ ጉባኤ ነበረን። ከወደራ እንግዶች መጥተዋል፣ መዘምራኑ አብረቅራቂ ሰማያዊ ልብሳቸውን ለብሰው በላብ ቀልጠዋል። ጋሽ ማቴዎስ ሊበን ገጠር ለክትባት ወጥተው መኪናው ተበላሽቶባቸው አልደረሱም። ሎኮ መስኮቱ ጋ መጣች።

«ገልገሎ፣ ግባ። ካርቶኑን ትተህ ዛሬ እውነተኛውን ምታ።»

«ካርቶን እንዳለኝ ማን ነገረሽ?»

«ኢብራሂም ለከተማው በሙሉ ነግሯል።»

ገባሁ። ከለመዳሪዬን ከኪሴ አውጥቼ ጣቴን አሰርኩ። የመጀመሪያውን ኮርድ ስመታ፣ ያ ሦስት ወር ሙሉ በአፌ ያወጣሁት ድምፅ ከውጭ መጣ፤ ፀጉሬ ቆመ። አንዲት የወደራ እናት ማንንም ሳይጠብቁ መዝሙር ጀመሩ። እንዲያ ያሉ እናቶች አስቸጋሪ ናቸው፣ በደስታ ጀምረው መሀል ላይ ወደ እንባ ይገቡና ተመልሰው በእልልታ ይወጣሉ። ሌላ ፒያኒስት እዚያ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደስታ እየመታ እሳቸው እያለቀሱ። የኔ ኮርድ ግን መሀል ስለሌለው አብሯቸው ገባ፣ አብሯቸው ወጣ። ሰዉ ተነሣ። ያን ቀን ከእኔ በላይ የሚመታ ሰው በአገሩ አልነበረም፣ ይሄን ጉራ አትበሉት፣ ምስክር አለኝ።

መዝሙሩ ሲያልቅ የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ወጣቶች የጎማ ቀለበቴን አይተው መሳቅ ጀመሩ። ገልገሎ ነው ያሰረው፣ መቼም ቀልድ መሆን አለበት ብለው ነው። እኔ ሳቅ ስሰማ መቆም አልችልም። ግራ እጄን አንስቼ የታሰረውን ጣት ለጉባኤው አሳየሁ። ቸርቹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔ በሩ ላይ ሲያርፍ ጋሽ ማቴዎስ ቆመዋል፣ ከራስ እስከ እግራቸው አቧራ ለብሰው።

ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። የመሀል ጣታቸው ደርቆ ወደ መዳፋቸው ታጥፎ ቀርቷል፣ ሥሩ ላይ ዙሪያውን ጠባሳ አለ። የራሳቸውን ጣት አዩ። የኔን አዩ። የሚስቀውን ሕዝብ አዩ። እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ሎኮ ማታውን ነገረችኝ፤ ጋሽ ማቴዎስ የተከራዩት አክስቷ ግቢ ነበር። ለክትባት በሬ ሲይዙ ገመዱ ጣታቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ በሬው ሮጦ። «ታውቂ ከነበረ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ጣትህን ለምን እንደምታስር ኢብራሂም አልነገረኝም። እኔም ቀልድ ነው ብዬ ነበር» አለች።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሆነው የክትባት ሳጥናቸውን ያጥባሉ።

«ጋሼ፣ እኔ አልቀለድኩም። ምስጢሩ ጣት ማጠፍ መስሎኝ ነው። አንቱን ለመሆን ፈልጌ ነው።»

ማጠባቸውን አላቆሙም። «ገልገሎ፣ ከብት ሲከተብ እንኳ እንዲህ አያምም። ደህና ሳቅክ፣ ደህና አሳቅክ። አሁን ሂድ።»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስም እውነቴን ነው።»

«የፓስተሩን ሳል ስትስልም እውነትህን ነው የምትመስለው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸቴን ሲያጨበጭብልኝ የኖረ ከተማ ለአንዲት እውነቴ ገበያ አልነበረውም። ጋሽ ማቴዎስ ከዚያ በኋላ ኪቦርዱን አልነኩም። ዝናቡ ሳይገባ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፤ ያቤሎ ነው አሉ፣ ሌላው ሞያሌ ነው አለ። የኪቦርዱን ሳጥን ቁልፍ ለሎኮ ሰጥተው ነው የሄዱት፣ ለኔ መልእክት አልነበረም።

ኪቦርዱ ለኔ ቀረ። ያኔ አንድ ነገር አሰብኩ። ጣቴን አሁን ብዘረጋ፣ በቃ ቀልድ ነበር ማለት ነው፤ ቀልዱ አለቀ፣ ጣቱ ተፈታ። ስለዚህ አልፈታሁትም። ወሩን፣ ዓመቱን፣ የጎማው ቀለበት ሲበጠስ ከኢብራሂም ሌላ እየወሰድኩ፣ በኋላ ጣቴ ራሱ ለምዶ ማሰሪያ እስከማይፈልግ። የሚማር ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ጣት ማጠፍ ነው። ከወደራ መጡ፣ ከሻኪሶ መጡ፣ ከአሬሮ በእግሩ የመጣ አለ። ተማሪዎቼ ሌሎች አስተማሩ። ኢብራሂም ሲሞት ለልቅሶ ቁጭ ብለን ልጁ አንድ ቁራጭ ከለመዳሪ ሰጠኝ፣ «አባዬ ላንተ ቆርጦ ያስቀመጠው ነው» ብሎ። አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። በዩቲዩብ የሚማሩት ልጆች ደግሞ ይመጡና «ጋሽ ገልገሎ፣ የመሀሏን ድምፅ ረሱ እኮ» ይሉኛል። «አልረሳኋትም፣ ለሰው አስቀምጫታለሁ» እላቸዋለሁ። ሎኮ ብቻ ናት የምታውቀው። «ይቅርታ በጣት ይጠየቃል እንዴ?» ትለኛለች ትራሷ ላይ ሆና። «በአፌማ ማን አመነኝ» እላታለሁ።

እና ያን ቅዳሜ ጎሚስታውን ጎማው ላይ ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ። የምትመታው ሴት ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የመሀል ጣቷ መዳፏ ውስጥ ተኝቷል።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የወደራ አስተማሪዬ። እሱ ነጌሌ ነው የተማረው። እዚህ ሁላችንም እንደዚህ ነው የምንመታው።» ፈገግ አለች። «እንደ አንቱ ማን አስተማረሽ ያሉኝ ሌላ ሰው አሉ። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ጋ ነው ያሉት። በየልምምዱ መጥተው ኋላ ይቀመጣሉ።»

ዞርኩ። የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰውዬ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ተቀምጠዋል። ቀድመው ተናገሩ።

«አካም፣ ገልገሎ። ወፈርክ።»

«ናጋ፣ ጋሼ።» አልኩ።

አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉልኝ። «ያቤሎ ላይ አንድ ልጅ ጣቱን አጥፎ ሲመታ አየሁ። ቀልድህ ያቤሎ ድረስ ተከተለኝ ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ ሞያሌ ሌላ አየሁ። እዚህ መጥቼ ይቺን አየሁ። ስጠይቃቸው ስሜን አያውቁትም። በማያውቁት ሰው እንዴት ይቀለዳል? ደግሞም የአንተን ቀልድ አውቀዋለሁ፣ ድሮም ከሳምንት አያልፍም ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት የቆየ ነገር ቀልድ ሊሆን አይችልም።»

«ታዲያ ነጌሌ ለምን አልመጡም፣ ጋሼ?»

«አፍሬ ነው። አንተስ?»

«እኔም።»

ልጅቷ ቦታ ለቀቀችልን። ጋሽ ማቴዎስ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሰው እያየ፣ ደብተር ሳይጋርዱ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡ። ዳርና ዳሩን መቱ። ያው ድምፅ፣ ትንሽ አርጅቶ። «ያንን ጣትህን እስኪ ዘርጋው» አሉኝ። «ስንት ዓመት ያስቀመጥካትን የመሀሏን ምታልኝ።» ጣቴን ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደብኝ፣ ረስቶታል። በሁለቱ ጣቶቻቸው መሀል አስገብቼ መታሁ። ሙሉ ኮርድ። ሦስቱም ድምፅ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ዩቲዩብ እንደሚለው።

ሁለታችንም ትንሽ አዳመጥን። ልጅቷም አዳመጠች።

«አንሳት» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «ትበዛለች።»

ጣቴን አጠፍኩት።

ሜጋ የደረስኩት ሰዓት አሳልፌ ነው። የሙሽራው ወንድም በር ላይ ጠብቆ «የት ቆየህ፣ ጋሽ ገልገሎ?» አለኝ። «ጎማ ነው ያቆየኝ፣ እውነቴን ነው» አልኩት። ሳቀ።